ጦም ያደረ መሬትና ያረፈ መሬት

(በሬዲዮ ከቀረበ ስብከት ለትራክት የተዘጋጀ)



ዛሬ የምናወራው ስለ ሣር ነው። አዎ፣ ስለ ሣር! «ፓስተር፣ ሣር ደግሞ ምን ስብከት አለው?» እንዳትሉኝ። የመንዝ ሰው ሣር ምን እንደሆነ ያውቃል። የአባቶቻችንን ቤት የከደነው ሣር ነው። በበጋ በሬያችንን በእግሩ ያቆመው ሣር ነው። በክረምት ዶፍ እረኛው ጀርባ ላይ የነበረው ገሳ፣ እሱም ሣር ነው። ስለዚህ ታገሡኝ።

መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ዘሌዋውያን 25 ላይ ክፈቱ። ሁለተኛ ዜና መዋዕል 36 ላይም ምልክት አድርጉበት። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ መሬት ዕረፍት ነው፤ ግን አንዱ ደስ የሚል ዕረፍት ነው፣ ሌላው የሚያስለቅስ። ልዩነቱን ለማየት መጀመሪያ ወደ ሩቅ አገር፣ ከዚያ ወደ ራሳችን ተራራ እንሄዳለን።

ሰው የሌለበት ሜዳ

ጎልፍ የሚባለውን ጨዋታ በቴሌቪዥን ያያችሁት ትኖራላችሁ። ትንሽ ነጭ ኳስ በዱላ እየመቱ ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ የሚያስገቡበት ጨዋታ ነው። እኛ በገና በዓል በጠማማ ዱላ ገና እንጫወት የለ? የእነሱም ዱላ ነው፤ ግን ሩጫም ግፊያም የለበትም። አዲስ አበባም አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ አንድ የጎልፍ ሜዳ አለ።

ሙሉ የሚባለው ሜዳ 18 ጉድጓዶች አሉት። ብዙውን ጊዜ ከ50 ሄክታር በላይ መሬት ይይዛል። እስቲ አስቡት፣ ያ ሁሉ መሬት ለአንዲት ኳስ! በየጉድጓዱ ዙሪያ ያለው ሣር ከ5 ሚሊ ሜትር በታች እስኪሆን ድረስ በየቀኑ ማለት ይቻላል ይታጨዳል። ውሃ ይጠጣል፣ ማዳበሪያ ይበላል፣ አረም ብቅ እንዳይል መድኃኒት ይረጭበታል። ያ ሣር አንድ ቀን እንኳ ቀና ብሎ አያውቅም። ሊያፈራ አይፈቀድለትም፤ ዘሩን አያይም።

እንግዲህ አሜሪካን አገር እንደ እነሱ አቆጣጠር ከ2006 ጀምሮ ከሚከፈቱት የጎልፍ ሜዳዎች ይልቅ የሚዘጉት በዝተዋል። ከልክ በላይ ተሠርተው ነበር፤ ተጫዋቹ አነሰ፣ ወጪው ከበደ። ጃፓን ውስጥም ብዙ ሜዳዎች ተዘግተው አንዳንዶቹ ላይ ከፀሐይ ኃይል ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ መሣሪያዎች ተተከሉ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳን ጄሮኒሞ የሚባለውን ሜዳ በ2018 እ.ኤ.አ. መሬት የሚጠብቅ አንድ ድርጅት ገዛው፤ ምክንያቱም በሜዳው የሚያልፈው ወንዝ ዓሣ ከባሕር ወጥቶ የሚራባበት ወንዝ ነው። ሌሎቹ ግን ገዢም ጠባቂም ሳያገኙ እንዲሁ ቀሩ።

ከእኛው ከሞላሌ የሄደ አንድ ወንድም አለ። የሚኖርበት ሰፈር አጠገብ እንዲህ ያለ የተተወ ሜዳ አለና፣ በውስጡ እየተመላለሰ ያየውን በድምፅ ቀርጾ በስልክ ላከልኝ። የተናገረውን ላጫውታችሁ። መኪና ይሄድበት የነበረው ቀጭን አስፋልት ተሰነጣጥቆ ከስንጥቁ ሣር በቅሏል። አሸዋ የነበረባቸው ጉድጓዶች ቁጥቋጦ ሆነዋል። ለጌጥ የተቆፈረው ኩሬ እንቁራሪት ሞልቶታል። ያ እንደ ምንጣፍ የተላገው ሣር የት እንደነበረ አይታወቅም፤ ወገብ ድረስ አድጓል፣ ዘሩን ይዟል፣ ወፎች ይለቅሙታል።

መጀመሪያ ደስ አለው። «መሬቱ የተነፈሰ ይመስላል» አለኝ። ትንሽ ራቅ ሲል ግን መተላለፊያ አጣ። ሐረጉ ዛፉን አንቆታል። ከሌላ አገር የመጣ እሾህ አገር በቀሉን ሸፍኖታል። ከብት አይገባበት፣ ልጅ አይጫወትበት። ያን ጊዜ ድምፁ ዝቅ አለና፣ «ፓስተር፣ መሬቱስ አርፏል፤ ግን ሰው የለበትም» አለ።

ወገኖች፣ ይህን አባባል ያዙልኝ። መሬቱ አርፏል፤ ግን ሰው የለበትም።

መሬት ዕዳዋን ትቆጥራለች

አሁን ዘሌዋውያን 25ን ተመልከቱ። እግዚአብሔር ሕዝቡ ገና ወደ ርስቱ ሳይገባ፣ ገና አንድ ፈር ሳያርስ፣ ስለ መሬቱ ዕረፍት ያዛል። ስድስት ዓመት ዝሩ፤ ሰባተኛውን ግን ለመሬቷ ተዉላት ነው የትእዛዙ ሐሳብ። ዘፀአት 23 ደግሞ ምክንያት ይጨምርበታል፤ በዚያ ዓመት በራሱ የበቀለውን ድሀው ይብላ፣ ከእሱ የተረፈውን የዱር አውሬ ይብላ ይላል። አያችሁ? የእግዚአብሔር ዕረፍት ባዶ ቦታ አይደለም። ድሀ አለበት፣ አውሬ አለበት፣ ባለቤቱም ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል።

ሕዝቡ ግን አልሰማም። ዓመት በዓመት አረሰ፣ ዓመት በዓመት አጨደ። ከዚያ ሁለተኛ ዜና መዋዕል 36 ላይ ምን እናነባለን? ኢየሩሳሌም ፈረሰች፣ ሕዝቡ ወደ ባቢሎን ተጋዘ። ጸሐፊው ሲዘጋው አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ያነሣል። ምድሪቱ ባዶዋን በተቀመጠችበት ዘመን ሁሉ ያልተሰጣትን ሰንበት አገኘች፤ ሰባው ዓመት እስኪሞላ ድረስ አረፈች። ሕዝቡ የረሳውን ዕዳ መሬቷ አልረሳችም።

በእኛ ቋንቋ ለዚህ ጥሩ አባባል አለን። ባለቤቱ የጠፋበትን፣ ጥንድ በሬ ያልገባበትን ማሳ «ጦም አደረ» እንላለን። ጦም ማደር የረሀብ ቃል ነው። ወዶ ያሳረፈውን ግን «ጦም አደረ» አንልም፤ «አሳረፈው» እንላለን። ከሩቅ ለሚያይ ሁለቱም ያልታረሰ መሬት ናቸው። አንዱ ግን ባለቤት አለው፣ ሌላው የለውም።

ስለዚህ የዛሬው ቃል አጭር ነው። እግዚአብሔር እንዲያርፍ የፈጠረው ነገር ሁሉ ያርፋል። ወይ እኛ እያለን እናሳርፈዋለን፣ ወይ እኛ ስንጠፋ ያርፋል። ሦስተኛ መንገድ የለም።

ጎልፍ በተወለደባት በስኮትላንድ ሴንት አንድሩስ የምትባል ከተማ አለች። እዚያ «አሮጌው ሜዳ» የሚባለው ላይ ከ500 ዓመት በላይ ተጫውተውበታል። ያ ሜዳ፣ ትልልቅ ውድድር ካልኖረ በቀር፣ እሑድ እሑድ ለጨዋታ ዝግ ነው። በዓለም ላይ ያሉ ባለጸጎች ሊጫወቱበት ተራ የሚጠብቁለት ሜዳ ነው፤ እሑድ ግን የከተማው ሰው ልጁን ይዞ በነጻ ይንሸራሸርበታል። ሳይዘጉ የሠሩት ስንቶቹ ዛሬ ለዘለዓለም ተዘጉ፤ በየሳምንቱ የሚዘጋው ግን እስከ ዛሬ ክፍት ነው። ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው አልልም። ግን ልብ ያለው ልብ ይበል።

ጓሳ፦ አባቶች ያሳረፉት ተራራ

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ሩቅ አገር ምን አስኬደን? ከመሐል ሜዳ ወዲያ ጓሳ አለ አይደል!

ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ የሆነ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ተራራማ ሜዳ ነው። ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። ውርጩን የሚችለው ያ ጠንካራ ሣር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ገሳ ይሠራበታል፣ ለከብት መኖ ይሆናል። ከዚያ ተራራ የሚወርደው ውሃ ግማሹ ወደ ዓባይ፣ ግማሹ ወደ አዋሽ ይሄዳል። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡት ቀይ ቀበሮዎች ጥቂቶቹ የሚኖሩት እዚያ ነው። ሣሩ ውስጥ አይጥና ፍልፈል አለ፤ ቀበሮው ያንን ያድናል። ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘው ጭላዳ በመንጋ ተቀምጦ ሣር ይነጫል። ጅብራው ቆሞ ያያል።

ይህ ሁሉ በራሱ የቆየ እንዳይመስላችሁ። በአገሩ እንደሚተረከው፣ ከ400 ዓመት ገደማ በፊት አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አባቶች ያንን ምድር ለግጦሽና ለሣር ብለው ለዩት። ለልጅ ልጆቻቸውም በአፅመ ርስት አስተላለፉት። የሚጠብቁበትም ሥርዓት ነበራቸው፤ ቀሮ ይባላል። ሕዝቡ በስምምነት አለቃ ይመርጣል። አለቃው ከሽማግሌዎች ጋር ሆኖ ጓሳ መቼ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚከፈት ይወስናል። ከተዘጋ ማንም አይገባም። አንዳንድ ጊዜ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ተዘግቶ ይቆያል። ደፍሮ የገባን ሰው ሕዝቡ ራሱ ተሰብስቦ ይቀጣዋል። ድርቅ ሲጠና፣ በየመንደሩ ሣር ሲያልቅ፣ ከብቱ መውደቅ ሲጀምር፣ ያን ጊዜ ጓሳ ይከፈታል። ተራራው የመንዝ ገበሬ የክፉ ቀን ጎተራ ነበር ማለት ነው።

ልብ በሉ። ከሦስት ዓመት በላይ ሣር እያየ ያላጨደ ድሀ ገበሬ! ሞኝ ስለሆነ ይመስላችኋል? አይደለም። የተከደነ ጎተራ መሆኑን ስላወቀ ነው።

ከዚያ ምን ሆነ? የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት ሆኖ ታወጀ። አዋጁ ለብዙ ጭሰኛ ነጻነት ነበር፤ ያንን የሚክድ የለም። የቀሮ ሥርዓትም ቢሆን መብቱን ለአስቦና ለጌራ ተወላጆች ብቻ የሚሰጥ ነበርና፣ ከደጅ የቀረው ሰው ብዙ ነበር። ነገር ግን አሮጌው ጠባቂ ሲሻር አዲስ ጠባቂ ቶሎ አልቆመም። የሁሉም የተባለው የማንም ሆነ። ሣሩ ያለ ጊዜው ታጨደ፣ ከብት ያለ ወቅቱ ገባ፣ ጠርዙ ታረሰ፣ ቁጥቋጦው ለማገዶ ተመነጠረ። «እኔ ብተወው ሌላው ይወስደዋል» የሚል ሐሳብ ገባ። ወገኖች፣ ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ስንት ተራራ አራቁታለች!

የሚያጽናናው ግን የአገሩ ሰው ዝም ብሎ አለማየቱ ነው። ጓሳን የሚያዋስኑ ቀበሌዎች እንደገና ተሰብስበው መተዳደሪያ ደንብ አወጡ። የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ጊዜ ወሰኑ፣ ከራሳቸው መካከል ጠባቂ መረጡ። ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ በክልሉ ሕግ ታውቋል። ሣሩ ተመልሶ ቆመ፣ ቀበሮውም ከነልጆቹ አለ። የአሜሪካው ሜዳ ሰው ስለሄደ አረፈ። ጓሳ ግን ሰው እዚያው እያለ፣ እጁን ስለሰበሰበ ነው ያረፈው።

«የማሳርፈው የት አለኝና?»

አሁን ከመካከላችሁ አንድ አባት «ፓስተር፣ አንተ ታወራለህ፣ እኔ ያለችኝ ለበሬ መዞሪያ የማትበቃ ቁራጭ ናት። ካሳረፍኳት ልጆቼ ምን ይበላሉ?» እንደሚሉ ይገባኛል። እውነት ነው አባቴ። የእርሶን ቁራጭ ጦም ያሳድሯት አልልም።

ነገር ግን ጓሳን ያሳረፈው አንድ ሰው ነበር? አንድ ሰው ብቻውን ማሳረፍ አይችልም። እሱ ቢተው የጎረቤቱ በሬ ይገባል። ዕረፍት የቃል ኪዳን ሥራ ነው። አሥር ሰው ሲስማማ ነው አንዱ የሚያርፈው። በዘሌዋውያንም ትእዛዙ ለአንድ ጎበዝ ገበሬ የተሰጠ አይደለም፤ ለሕዝብ ሁሉ ነው የተሰጠው። ስለዚህ «አላርፍም» የሚለውን ሰው ቶሎ አንፍረድበት። መጀመሪያ «ማን አሳረፈው?» ብለን እንጠይቅ።

እስቲ ከዚህ ተነሥተን ወደየቤታችን እንግባ።

አረብ አገር ያለች ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ይህን በፍቅር ነው የምናገረው። ቤሩት ወይም ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ አለች። ከሌሊቱ ትነሣለች፣ እኩለ ሌሊት ትተኛለች። በሄደች በዓመቱ ዕዳው ተከፈለ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። በሁለተኛው ዓመት የወንድሟ ትምህርት፣ በሦስተኛው የቆርቆሮው ቤት፣ በአራተኛው የአክስት ልጅ ሠርግ። በየወሩ ይታጨዳል። እንዴት ነሽ ከማለታችን በፊት «ላክሽ ወይ?» እንላለን። ያቺ ልጅ እኮ ጓሳችን ናት! ለክፉ ቀን የተሰጠችን ናት። ያለ መዝጊያ፣ ያለ መክፈቻ እያጨድናት አንድ ቀን ስልኩ ዝም ቢልስ? ያን ጊዜ እሷም ታርፋለች፤ ግን ባዶ በሆነ ቤት።

ለዚህች ልጅ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ቀሮ ያቁምላት። አባት፣ እናት፣ ወንድም ቁጭ ብላችሁ ተስማሙ። «ከዚህ ወር እስከዚህ ወር ምንም አንጠይቅሽም፤ ለራስሽ አስቀምጪ። ሕመም ወይም ረሀብ ካልመጣ አይከፈትም» በሏት። አንዱ ወንድም ተደብቆ ሊደውልላት ሲል ሌሎቹ ይያዙት። ዘበኛ የሌለው ስምምነት ስምምነት አይደለም።

ቤት ውስጥ ያለችው እናትስ? ውሃው፣ እንጨቱ፣ እንጀራው፣ ጥጃው፣ ሕፃኑ በእሷ ነው። እሑድ ከጉባኤ ስንመለስ እኛ ጋደም እንላለን፣ እሷ እሳት ታነዳለች። ወንድሞች፣ ለስድስት ሰው ሰንበት ሆኖ ለሰባተኛዋ ካልሆነ፣ ያ ሰንበት አይደለም። እንስራውን አንሡላት።

የቤተ ክርስቲያን መሪዎች፣ እኛስ? አንድ ጸጋ ያለው ወጣት ካገኘን መዝሙር እሱ፣ ወጣቶች እሱ፣ አዳር ጸሎት እሱ፣ ወንበር ማውረድ እሱ። «ጌታ ያበርታህ» እያልን እናጭደዋለን። ከሦስት ዓመት በኋላ ከጉባኤ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ «በኃጢአት ወድቆ ይሆን?» እንላለን። ማርቆስ 6ን አንብቡ። ደቀ መዛሙርቱ ከአገልግሎት ሲመለሱ የሚመጣና የሚሄደው ሕዝብ በዝቶ ምግብ እንኳ የሚበሉበት ጊዜ አልነበራቸውም። ጌታ ያን ጊዜ «ሕዝቡ ብዙ ነው፣ ቀጥሉ» አላላቸውም፤ ራቅ ወዳለ ቦታ ወስዶ ሊያሳርፋቸው ነው የፈለገው። ጌታ ያሳረፋቸውን አገልጋዮች እኛ ማን ነን የማናሳርፍ?

መተው ማሳረፍ አይደለም

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ ይህን ስብከት ሰምቶ «እንግዲህ እኔም ከጸሎት ዐርፌያለሁ» የሚል አይጠፋምና። ምሳሌ 24 ላይ ጠቢቡ በአንድ ሰነፍ ሰው እርሻ አጠገብ ሲያልፍ ያየውን ይነግረናል። እሾህ በቅሎበታል፣ አረም ሸፍኖታል፣ የድንጋይ ካቡ ፈርሷል። ያም መሬት አልታረሰም። ግን አረፈ እንበለው? ካቡ እኮ ፈርሷል!

መለያው ካቡ ነው። ጓሳ በተዘጋ ጊዜ ጠባቂው ይዞር ነበር፤ ተራራው ያርፋል፣ ጠባቂው ግን አያንቀላፋም። ሥራህን ዐርፈህ ጸሎትህን ከጠበቅህ፣ ያ ዕረፍት ነው። አገልግሎት ዐርፈሽ ቃሉንና ኅብረቱን ከያዝሽ፣ ያ ዕረፍት ነው። ጸሎቱም ቀረ፣ ኅብረቱም ቀረ፣ ቤተሰቡም ተረሳ ከሆነ ግን፣ ያ የጎልፉ ሜዳ ነው። መጀመሪያ አረንጓዴ ይመስላል፣ ደስ ይላል። ቆይቶ ሐረጉ ዛፉን ያንቃል።

ደግሞ ዛሬ «የእኔ ነገር አልፎበታል፣ እሾህ ውጦታል» የምትል ወገኔ፣ ሰባው ዓመት ሲሞላ ምን እንደሆነ አትርሳ። ሁለተኛ ዜና መዋዕል በፍርስራሽ አያበቃም። የመጨረሻው ቃል ወደ አገራችሁ ውጡ፣ ቤቴን ሥሩ የሚል የመመለስ አዋጅ ነው። እግዚአብሔር መሬቷን ያሳረፈው ሊጥላት አይደለም፤ ለሚመለሱት ልጆች ሲያዘጋጃት ነው። ኢየሱስ ክርስቶስም ሸክም የከበደባቸውን ወደ እኔ ኑ ሲል፣ ዕረፍቱን የሚሰጠው ራሱ ጠባቂ ሆኖ ነው። በነፍስህ ዙሪያ የፈረሰውን ካብ የሚያነሣው እሱ ነው።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት በቤታችሁ ቁጭ በሉና ሦስት ነገር ተጠያየቁ። በእኛ ቤት ሳያርፍ የሚታጨደው ማን ነው? የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ቀን መቼ ይሁን? የሚጠብቀውስ ማነው? መልሱን በጸሎት አጽኑት፤ ከዚያም በቃላችሁ ቁሙ።

እንጸልይ። አባት ሆይ፣ አንተ የፈጠርከውን ሳናሳርፍ ስላጨድን ይቅር በለን። በሩቅ አገር የደከሙ ልጆቻችንን አስብ፤ እኛም እንድናስባቸው ልብ ስጠን። በቤታችን ያሉትን እናቶች፣ በቤትህ ያሉትን አገልጋዮች አሳርፍ። የሸሸውን መልስ፣ የፈረሰውን ካብ አንሣ። ጓሳን በጠበቅህበት ምሕረት እኛንም ጠብቀን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ። ይህን ትራክት አንብባችሁ ስትጨርሱ ለጎረቤት አሳልፉት።